“እኔም ፍሪዝ አድርጌያለሁ”

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ወር ክትባት አበላሸሁ። ጊዜው 2001 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ ነው፤ ቦታው ወሎ ደጋ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶ የሚያድርበት አገር።

ጤና ጣቢያችን መብራት አልገባለትም ነበር። ፍሪጁ የሚሠራው በነጭ ጋዝ ነው። ከሥሩ እሳት እየነደደ ከውስጥ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ለለመደው ካልሆነ በቀር ግራ ነው፤ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ያየችው ዕለት ሁለቴ አማትባለች። ቅዝቃዜው የሚታዘዘው ለክሩ ነው። ክሩ ከፍ ሲል ነበልባሉ ይበረታና ፍሪጁ ይበርዳል፤ ዝቅ ሲል ይሞቃል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ 9 አሳየኝና ደነገጥኩ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል፤ ይቺን ኮሌጅ ውስጥ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃላችን ይዘናታል። ክሩን ከፍ አድርጌ፣ በሩን ቆልፌ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ስከፍተው ከዜሮ በታች 2 ይላል።

ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ አየኋቸው። ፈሳሽ ናቸው። ድንጋይ ሆነው ባገኛቸው ኖሮ ነገሩ ባላስቸገረ፤ ብርድ የሚጎዳው ክትባት ረግቶ ከተገኘ ምርመራም አያሻውም፣ ይጣላል። የእኔዎቹ ግን ምንም ያልሆኑ ይመስላሉ። ሌሊት ረግተው ጠዋት ቀልጠው ይሁን፣ ጨርሶ ሳይረጉ አድረው ይሁን፣ በዓይን አይለይም። የብልቃጡን ቪ ቪ ኤም፣ ማለትም ላዩ ላይ የተለጠፈውን የሙቀት ምልክት፣ አየሁ፤ በክቡ መሀል ያለችው ትንሿ አራት ማዕዘን ፈዘዝ እንዳለች ናት። ደስ አለኝ። ደስታዬ የአላዋቂ ደስታ ነበር። ቪ ቪ ኤም የሚመሰክረው ሙቀትን ብቻ ነው፤ ክትባቱ ብርድ ገድሎት እንኳ እሱ ፊቱ አይለወጥም። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ወይም ሲነገር እንቅልፌን ስሸልብ ነበር። በዚያን ጊዜ ሥልጠናችን ሁሉ ስለ ሙቀት ነበር።

ለአለቃ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ከእኔ በፊት እዚያ የሠራችው ነርስ ጋዝ አልቆባት ክትባቱ ሲሞቅ ከደመወዟ ተቆርጧል የሚል ወሬ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም። እንዲህ ያለ ወሬ ሥራውን ለመሥራት እውነት መሆን አያስፈልገውም።

ጋሼ በዚያ ሳምንት ባያልፉ ኖሮ ምን እንደማደርግ ዛሬም አላውቅም። ጋሼ የጎረቤት ጤና ጣቢያ ባልደረባ ናቸው፤ የድሮ ጤና ረዳት፣ ፀጉራቸውን በሥራው ላይ ያሸበቱ ሰው። በየወሩ ከወረዳ ክትባት ለማምጣት ኮልድ ቦክሳቸውን ኢሱዙ ላይ ጭነው በእኛ በር ያልፋሉ። ሻይ አቀረብኩና “ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ለሰው አይንገሩብኝ” አልኳቸው።

“ፍሪዝ አደረግሽ?” አሉኝ፣ ገና ሳልጀምር፤ ክትባቱን ብርድ አረጋብሽ ወይ ማለታቸው ነው።

ከዚያ የነገሩኝን ልክ እንደነገሩኝ ልጻፈው (ቲ ቲ የሚሉት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትን፣ ባች የሚሉት የምርት ምድቡን ነው)፤ ዛሬም ለአዲስ ነርስ የማስተምረው በእሳቸው አፍ ነው። “ከቲ ቲው አንድ ብልቃጥ ለይ። ባቹ ከሌሎቹ ጋር አንድ ይሁን። ዛሬ ማታ በረዶ ቤቱ ውስጥ ክተቺው፣ ድንጋይ ይሁን። ጠዋት አውጥተሽ ራሱ እስኪቀልጥ ጠብቂው። እስከዚያ ከዚህ ፍሪጅ ለማንም እንዳትሰጪ። ነገ ስመለስ አብረን እናየዋለን።”

በማግስቱ መጡ። ሆን ብዬ ያረጋሁትን ብልቃጥና ከተጠረጠሩት አንዱን በአንድ እጃቸው ጨብጠው ናጧቸው፤ አሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸውና ተቀመጡ። “አሁን ጠላ ነው የምናየው” አሉ። ሁለቱም ደፍርሰዋል፣ ወተት የነካው ውኃ ይመስላሉ። ደቂቃዎች አለፉ። ያረጋሁት ከላይ መጥራት ጀመረ፤ ከሥሩ እንደ አምቡላ የሚመስል ነገር ተኛ። “አየሽ? የሞተው ይጠልላል። ለጠላ መጥለሉ ደግ ነው። ክትባት ግን ደፍርሶ መቆየት አለበት።”

ምክንያቱን በኋላ ነው የተማርኩት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ ፔንታ የሚባለው አምስት በአንድ የሕፃናት ክትባትም እንዲሁ፣ ከአሉሚኒየም ጨው ጋር የተጣበቀ ነው። ሲረጋ ያ ጨው ይቋጠራል፣ ይከብዳል፣ ስለዚህም ፈጥኖ ይሰምጣል። አንድ ጊዜ ከተቋጠረ የሚመልሰው የለም። ጋሼ ይህን አሉሚኒየም የሚባል ነገር አንስተው አያውቁም። ጠላውን ግን ያውቃሉ።

ከፍሪጁ ኋላ፣ ከሚያቀዘቅዘው ግድግዳ ተጠግተው ካደሩት የወሰድናቸው ናሙናዎች ጠለሉ። ከፊት ቅርጫት ውስጥ የነበሩት ግን ደፍርሰው ቆዩ። ሃያ ሁለት ብልቃጥ ለይተን አስወገድን። ጋሼ ሊሄዱ ሲነሱ ነው የነገሩኝ።

“እኔ በ87 ዓ.ም. ኮልድ ቦክስ ሙሉ ቲ ቲ ፍሪዝ አድርጌያለሁ። አይስ ፓኩን (በረዶ የሆነውን የውኃ ዕቃ) ከበረዶ ቤት እንደወጣ ደረደርኩበት። ስደርስ ግማሹ ረግቷል። የምነግረው ሰው አልነበረኝም።” ዝም አሉ። “ሰጠሁት ልጄ። አቅልጬ ለነፍሰ ጡር ሁሉ ሰጠሁት።”

ቲ ቲ ለነፍሰ ጡር ይሰጥ የነበረው ለእሷ ብቻ አልነበረም፤ እትብቱ በምን እንደሚቆረጥ ለማይታወቀው ሕፃንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ የእናቶችንና የአራስ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ አስወገደች ተብሎ ሲታወጅ፣ መለኪያውም በየወረዳው ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት ከ1 ያነሰ እንዲሆን ነው ሲባል፣ እኔ ያሰብኩት ጋሼን ነው። ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል። ደውዬ ነገርኳቸው። “ተመስገን” አሉና ወሬ ለወጡ።

ስለ ክትባት ባለሙያዎች መማማር የማስበው ነገር ሁሉ ከዚያች የመስኮት ጠረጴዛ ይነሳል። ጋሼ እንድናገር ያደረጉኝ ቀድመው ስላወቁብኝ ነው፤ ያወቁብኝም ራሳቸው ስላደረጉት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ አበሉም ሥልጠናውም አልጠላሁትም። ነገር ግን ከአሠልጣኞቹ መካከል “እኔም ፍሪዝ አድርጌያለሁ” ያለኝ የለም።

ከዓመታት በኋላ በኢንዶኔዥያ የተሠራ አንድ ጥናት አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከፋብሪካ እስከ መንደር ሲጓጓዝ የሙቀት መዝጋቢ አብሮት ተልኮ፣ ከጭነቶቹ 75 በመቶው መንገድ ላይ ከመርጊያው በታች ብርድ አግኝቷቸው ነበር። ከአራት ሦስት! ያን ስመለከት ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። እኔ የራሴ ብቻ ኃጢአት መስሎኝ ለወራት እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር ባሕር ማዶ የአብዛኛው ጭነት ዕጣ ነው። እዚያም ሪፖርቱ ላይ “ሁሉም ሰላም ነው” ተብሎ ሲጻፍ የነበረ ይመስለኛል።

በእኛ አገር የክትባት ሰው የሚማማረው ሻይ ቤት ነው። የሩብ ዓመት ግምገማ ላይ አዳራሹ ውስጥ ሽፋን በመቶኛ ይነበባል፣ ያነሰው ይወቀሳል፣ ያለፈው ይጨበጨብለታል። ሻይ ዕረፍት ሲሆን ግን ሌላ ስብሰባ ይጀመራል። “የእናንተ ፍሪጅ ያጨሳል እንዴ? ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ ክሩን ቁረጪው፣ ጭስ መውጫውንም ጥላሸቱን ጥረጊ፤ ሰማያዊ መሆን አለበት።” “አይስ ፓኩ ክትባቱን ሳያረጋ መቼ እንደሚከተት በምን ታውቂያለሽ?” “ጆሮሽ ጋ አድርገሽ ነቅንቂው። ውኃው ሲንሸዋሸው ከሰማሽ፣ ላዩም ካላበው፣ ያኔ ነው።” ይህ ሁሉ መመሪያ ውስጥ ተጽፏል። መመሪያው ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉም ፊልድ ከወጣው ሰው ኪስ።

የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ የኮቪድ ክትባት፣ አስትራዜኔካ፣ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የእኛ አካባቢ ክትባት ሰጪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። ያን ሰሞን ያልነበረበት ሰው ጥድፊያውን አይገምተውም። ዛሬ የወጣ መመሪያ በወሩ ይለወጣል። ፋይዘር ሲመጣ ደግሞ በ1.8 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይበረዛል፣ ከአንዱ ብልቃጥ 0.3 ሚሊ ሊትር እየተቀዳ ስድስት ሰው ይከተባል፣ ሲበረዝ አሥር ጊዜ በቀስታ ይገለበጣል እንጂ አይናጥም ተባለ። አንዱ ነርስ የናጠውን ብልቃጥ ፎቶ አንስቶ “ምን ላድርግ?” ብሎ ለጠፈ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልስ አገኘ፤ በሦስተኛው ደቂቃ ሌላ ሰው “እኔም ትናንት” አለ። ከዚያ ሌላ። ለሦስት ወር ያህል ያ ግሩፕ ከየትኛውም ሥልጠና ይበልጥ አስተማረን።

በኋላ አለቆች ገቡ። በክፋት አይደለም፤ ግሩፑ እንደሚሠራ ሰምተው ነው የመጡት። አንድ ሰኞ ጠዋት “እስከ 4 ሰዓት የትናንቱን የተከተበ ሰው ብዛት ያላካችሁ” የሚል ዝርዝር ወጣ፣ ስማችን በቀይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግሩፑ ውስጥ የሚገባው ቁጥር፣ የባነር ፎቶና የ“እንኳን አደረሳችሁ” አበባ ብቻ ሆነ። የተናጠ ብልቃጥ ፎቶ ዳግመኛ አላየሁም። ክትባት መናጥ ያቆምን እንዳይመስላችሁ።

አሥራ አንድ ሆነን ሌላ ከፈትን። ስሙ “ሻይ ቤት” ነው። ቁጥር አይላክበትም። አለቃ የሆነ ሰው ይወጣል፣ ቅያሜ የለም፤ እኔም አንድ ጊዜ ለስድስት ወር ተወካይ ኃላፊ ሆኜ ወጥቻለሁ። የሕፃን ፊት፣ የእናት ስም፣ ካርድ አይለጠፍም። ስክሪንሾት ማንሳት ክህደት ነው። ወቀሳ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ የተበላሸ ክትባት ሪፖርት መደረግ አለበት፣ እናንተ ደበቃ ነው የምታስተምሩት የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ሰው መጀመሪያ ለእኩያው ተናግሮ እግሩ መሬት ሲረግጥ ነው ፎርሙን የሚሞላው። ሃያ ሁለቷን ብልቃጥ በመጨረሻ ሪፖርት ያደረግሁት ጋሼ “እኔ እፈርምልሻለሁ” ስላሉኝ ነው። ከደመወዜም አልተቆረጠም።

“ሻይ ቤት” ውስጥ ከተነሱት ሁሉ ረጅሙ ጉዳይ የኩፍኝ ብልቃጥ ነው። እኛ ጋ አንዱ ብልቃጥ አሥር ዶዝ ይይዛል። አንዴ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል፤ ቢያድር ሕፃን ሊገድል ይችላል። አራት ሕፃናት ቢመጡስ? መመሪያው ለአንድም ሕፃን ቢሆን ክፈቱ ይላል። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የብክነቱን ዓምድ ነው። ስለዚህ ሦስት ሰዓት በእግሯ የመጣችውን እናት “ሐሙስ ተመለሺ” እንላታለን። ሐሙስ አትመለስም። ይህን ሁላችንም አድርገናል፤ በደንብ የሚያውቀው ያደረገው ነው።

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እህታችን ነገሩን በሌላ በኩል ያዘችው። የክትባቱን ቀን ከገበያ ቀን አንስታ በወር በወሩ ሚካኤል ላይ አደረገችው። ሚካኤል ዕለት በሬ አይጠመድም፣ እናቶች ቅዳሴ ደርሰው ሲመለሱ ጤና ኬላው መንገዳቸው ላይ ነው፣ ልጁም ታጥቦ ለብሶ ታዝሏል። አሥር ሕፃን በአንድ ጠዋት ሞላላት። የሌላው ቀበሌ ልጅ ወዲያው “የእኛ ሰው ጁምአ ነው፤ ከሶላት በኋላ” አለ፤ ወሎ ነዋ። የገበያ ቀን ለምን እንዳልሠራ የነገረችን ምክንያት ደግሞ በጣም ያስቃል፤ እናቶቹ ገበያ የሚሄዱት ልጁን ለአያት ትተው ነው። ፕላኑን የሠራነው ሰዎች ገበያ የምንሄደው ልጅ ሳንይዝ መሆኑን ረስተነዋል።

ከእኛ ቁልቁል አፋር ነው። እዚያ የሚሠራ አንድ ወንድማችን አለ፤ የእሱ እናቶች ከሚካኤልም ከጁምአም ይልቅ በግጦሹ ይሄዳሉ። ዛሬ እዚህ የተከተበ ሕፃን ለሁለተኛው ዙር ሌላ ወረዳ ነው። “እንዴት ታገኛቸዋለህ?” ስንለው “በዳጉ” አለ። ዳጉ የአፋር የወሬ ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው አይተላለፉም፤ አረፍ ብለው ያለውን ሁሉ ይነጋገራሉ። የት ዘነበ፣ የትኛው ኤላ ውኃ አለው፣ የቱ መንደር በሽታ ገባ፣ ማን ሞተ። ሲናገሩ ደግሞ ያዩትን ከሰሙት ይለያሉ፤ የሰሙ እንደሆነ ከማን እንደሰሙ ይናገራሉ። ውሸት የጨመረ ይጠየቅበታል። ወንድማችን የክትባቱን ቀን ለጎሣ መሪው ይነግርና ለዳጉ ይተወዋል። ከእሱ በእግር ሁለት ቀን የሚርቁ ሰዎች ወሬው ደርሷቸው ይጠብቁታል።

እኛም ያንን ወሰድን። “ሻይ ቤት” ላይ አሁን አንድ ሰው “ይህ ባች ችግር አለበት” ብሎ ቢጽፍ የመጀመሪያው ጥያቄ “ያየኸው ነው የሰማኸው?” ነው። ከስንት የውሸት ድንጋጤ እንዳዳነን! ኮቪድ ጊዜ ይህን ብናውቀው ኖሮ ምነኛ ጥሩ ነበር።

በዓለም ደረጃም መረቦች አሉ። ቴክኔት የሚባለው የክትባት ሎጂስቲክስና የቀዝቃዛ ሰንሰለት (ክትባትን በልኩ አቀዝቅዞ የማድረስ) ባለሙያዎች ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2017 ፖርቱጋል ካስካይስ ላይ፣ በ2023 ደግሞ ፓናማ ሲቲ ላይ ጉባኤ አድርጓል። ስብሰባዎቻቸውን በኢንተርኔት ተከታትያለሁ፣ ኔትወርኩ በፈቀደ መጠን። እንግሊዝኛው ያደክመኛል፣ ስላይዱም ይበዛል። አንድ ቀን ግን ከተራራ አገር የሆነ ሰው፣ ከየት እንደሆነ ሳይያዝልኝ መስመሩ ተቆረጠ እንጂ፣ ስለ ክረምት ሌሊትና ስለ ፍሪጅ ጠየቀ። ድምፁ ያፍራል። ጥያቄውን “አንድ የማውቀው ባልደረባዬ” ብሎ ነው የጀመረው። አቤት፣ ያን ባልደረባ አወቅሁት! መልሱን የሰጡት ሰዎች ትክክለኛ መልስ ሰጡት፤ የፍሪጁን የሙቀት መዝጋቢ ማንቂያ ጭምር አብራሩለት፤ ከዜሮ በታች 0.5 ላይ 60 ደቂቃ ከቆየ ይጮኻል። እኔ ግን ማንቂያው ሲጮህ ለማን ይደውላል የሚለውን ነው ስጠብቅ የነበርኩት።

ባለፈው ጥር፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ “ሻይ ቤት” ውስጥ የድምፅ መልእክት ገባ። ከሁላችንም ታናሿ ናት፤ ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም። “እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ይቅርታ አመሸሁባችሁ። አውትሪች፣ መንደር ለመከተብ ስወጣ፣ አይስ ፓኩን ላዩ ሳያልበው ነው የክትባት መያዣው ካሪየር ውስጥ የከተትኩት። ስመለስ አየሁት፤ ፔንታው አይስ ፓኩ ላይ ተለጥፎ ነው የዋለው። አልረጋም። ወይም አሁን ቀልጦ ይሆናል። ለሰው አልነገርኩም።”

ማንም ምክር አልጀመረም። በመጀመሪያ የአፋሩ ወንድማችን “እኔም” ብሎ ጻፈ። ከዚያ የሚካኤሏ እህታችን፣ “እኔም፣ ሁለት ጊዜ”። አንድ በአንድ ሁላችንም። የእኔ ሰባተኛው ነበር። ቀጥሎ የጋሼን አደራረግ በድምፅ ነገርኳት፤ አንዱን ለይ፣ ባቹ አንድ ይሁን፣ ማታውን ድንጋይ ይሁን፣ ጠዋት ራሱ ይቅለጥ፣ እስከዚያ ለማንም እንዳትሰጪ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሁለት ብልቃጥ መስኮት ሥር ተቀምጠው የሚያሳይ ፎቶ ላከች። ሁለቱም ደፍርሰዋል። “ናጥኳቸው” ይላል ከሥሩ። ከዚያ ዝም። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ካርድ እየጻፍኩ በየደቂቃው አየዋለሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለተኛው ፎቶ ገባ። በግራ በኩል ያለው፣ ሆን ብላ ያረጋችው፣ ከላዩ ጠርቶ አምቡላው ከሥሩ ተኝቷል።

የቀኙ ገና ድፍርስ ነበር።